ዘፋኙ ብዕር ሲያነሳ

ይህ ጽሑፍ ስለ ሙዚቃ መጻፍ ለሚፈልጉ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ላወራችሁ የመረጥኩት ስለ አንድ አውስትራሊያዊ ነው። ሮበርት ፎርስተር ይባላል። ስሙ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ቢሆን አይገርመኝም። በ1980ዎቹ ከጓደኞቹ ጋር ስድስት አልበም ሲያወጣ በገዛ ሀገሩም የሚያውቀው ሰው ብዙ አልነበረም። ሐያሲዎች ግን ይወዱት ነበር። ዕድሜው ወደ 50 ሲጠጋ እሱ ራሱ ሐያሲ ሆነ። መዝፈኑን አልተወም። ግጥምና ዜማ መድረሱንም አላቆመም። በዚያ ላይ ስለ ሌሎች ሰዎች ሙዚቃ መጽሔት ላይ መጻፍ ጀመረ።

ስለ እሱ ማውራት የፈለግኩት አንድ የቆየ አባባል ስለሚያናድደኝ ነው። «የሙዚቃ ሐያሲ ማለት መዝፈን ያቃተው ሰው ነው» ይባላል። ከመድረክ ወደ ጋዜጠኝነት የሄደ ሰው ሲገኝ ደግሞ «አልሆነለትም ማለት ነው» ይባላል። ይህ ስህተት ነው። ዘፈን መድረስና ስለ ዘፈን መጻፍ የሚጠይቁት አንድ ዓይነት ጆሮ ነው። በአንዱ ያዳበርከው በሌላው ይጠቅምሃል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ዘፋኙ ስለ ራሱ ታሪክ መጻፍ ሲጀምር። እዚያ ስንደርስ የፎርስተርን ብርታት ብቻ ሳይሆን ጉድለቱንም አነሳለሁ።

ከብሪዝቤን ልጀምር። የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ግዛቱን ከ1968 እስከ 1987 ያስተዳደሩት ጆ ብየልኬ-ፒተርሰን ነበሩ። በ1977 የጎዳና ላይ ሰልፍን ከልክለዋል። ጊታር ያነገተ ወጣት በፖሊስ ዓይን በበጎ አይታይም ነበር። ሙዚቃ ሊሰማ የተሰበሰበ ሰው ፖሊስ መጥቶ ቢበትነው የተለመደ ነገር ነው። ብሪዝቤን ድረስ ሄዶ «እስቲ ዝፈኑልኝ» የሚል የሙዚቃ ኩባንያ ደግሞ አልነበረም።

ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው አሳተሙ። በ1976 ሴይንትስ የተባለ የብሪዝቤን ባንድ አንድ ነጠላ ዜማ በራሱ አሳትሞ ቅጂዎቹን ወደ ውጭ ላከ። «ሳውንድስ» የተባለው የለንደን ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጣ የዚህም የሁሉም ሳምንት ምርጥ ነው ብሎ ጻፈለት። ብዙም ሳይቆይ ኢኤምአይ የተባለው ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ አስፈረማቸው። ይህን ልብ በሉልኝ። በሌላኛው የዓለም ዳር ያለ ጋዜጠኛ ጥቂት መስመር ጻፈ፤ የእነዚያ ልጆች ሕይወት ተቀየረ። ፎርስተር ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነው። የሚኖረውም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ብዕር ምን ማድረግ እንደሚችል ገና ሳይዘፍን አይቷል።

ግራንት ማክሌናንን ያገኘው በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማክሌናን የፊልምና የመጻሕፍት ሰው ነበር። ጊታር አይችልም። ፎርስተር ቤዝ ጊታር አስተማረውና ጎ-ቢትዊንስ የተባለውን ባንድ አብረው መሠረቱ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ፎርስተር የመረጠው ሙዚቀኛ አይደለም። የሚያወራውን የሚወድለትን፣ አብሮት የሚያነበውን፣ ፊልም አይቶ ሲወጣ የሚከራከረውን ሰው ነው የመረጠው። መሣሪያውን በኋላ ይማረዋል ብሎ አሰበ። ተማረውም።

የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በ1978 ወጣ። አንዱ ገጽ ስለ አንዲት የፊልም ተዋናይ ነው። ሌላኛው ገጽ ስለ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው። ሄሚንግዌይን፣ ብሬሽትን፣ ጄምስ ጆይስን ከመደርደሪያ ፈልጋ የምትሰጠውን ሴት ነው የሚዘፍንላት። እስቲ አስቡት። ሌሎች እኩዮቹ ስለ ቁጣና ስለ መንገድ ላይ ፀብ ሲዘፍኑ እሱ የደራሲ ስም እየጠራ ይዘፍናል። ይህ ልጅ ወደፊት ስለ ሌሎች ሥራ እንደሚጽፍ የመጀመሪያዋ ሸክላው ላይ ተነግሯል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የኢንዲ ሙዚቃ ዓለም፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ በራሱ የሚሠራው ማለት ነው፣ ለዚህ ዓይነት ሰው ይመቻል። እዚያ ሥራ አይከፋፈልም። ዘፋኙ ሽፋኑን ይሥላል፤ ቅጂውን ያሽጋል፤ ለጋዜጦች ደብዳቤ ይጽፋል። አድማጩም እንደዚሁ ነው። በዚያው በ1976 ማርክ ፔሪ የሚባል የለንደን ባንክ ሠራተኛ በራሱ እጅ የምትባዛ ትንሽ የሙዚቃ መጽሔት ጀመረ። በዓመቱ ራሱ ባንድ አቋቋመ። ክሪሲ ሃይንድ «ኤንኤምኢ» በተባለ የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ኋላ የፕሪቴንደርስ ባንድ ድምፅ ሆነች። ኒል ቴናንት «ስማሽ ሂትስ» የተባለ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ይሠራ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ፔት ሾፕ ቦይስን ይዞ በ1986 መጀመሪያ የእንግሊዝን ሰንጠረዥ አንደኛ ያዘ። ከብዕር ወደ ማይክ የሄዱት ብዙ ናቸው። ከማይክ ወደ ብዕር የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። እኔን የሚስበኝ ይህ ሁለተኛው ጉዞ ነው።

ወደ ፎርስተር ልመለስ። ሊንዲ ሞሪሰን በድራም ተጨመረች። ስሟን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን። ባንዱ ወደ ለንደን ሄደ። በ1983 ራፍ ትሬድ በተባለ አሳታሚ በኩል የወጣው ሁለተኛ አልበማቸው ውስጥ «ካትል ኤንድ ኬን» የተባለው የማክሌናን ዘፈን አለ፤ ስለ ልጅነቱና ስላደገበት የኩዊንስላንድ ገጠር ነው። በ2001 የአውስትራሊያ የዘፈን ደራሲያን ማኅበር የሀገሪቱን የምንጊዜም 30 ምርጥ ዘፈኖች ሲያስመርጥ ከ30ዎቹ አንዱ ሆኗል። በወጣበት ጊዜ ግን ማንንም ሀብታም አላደረገም። ባንዱ ከአንዱ አሳታሚ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ከእጅ ወደ አፍ ሲኖር አሥሩ ዓመት አለቀ። የ1988ቱ አልበም ከሁሉም የሚያምረው ነበር። እሱም ትልቅ ሽያጭ አላመጣም። በ1989 መጨረሻ ተበተኑ።

ለሐያሲነቱ ትልቁ ትምህርት ቤት ይህ ዘመን ይመስለኛል። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ እሱ ጥሩ ጥሩ ይጻፋል። ጋዜጣው ያወድሰዋል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይከፈልም። ውዳሴ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል በኑሮው ያወቀ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዕር ሲይዝ ቃላት አያባክንም። የሚጽፍለት ሙዚቀኛ ጽሑፉን ከፍቶ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። «ድንቅ» የሚለውን ቃል አይፈልግም። «ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ለምን እንደጠፋ ገብቶኛል» የሚለውን ነው የሚፈልገው።

በ1990 ፎርስተር የመጀመሪያ የብቻ አልበሙን በርሊን ውስጥ ቀረጸ። ጀርመናዊት አገባ፤ ጀርመን ውስጥ ኖረ። በ2000 ከማክሌናን ጋር ባንዱን እንደገና አቋቋሙ። በ2005 ያወጡት አልበም የአውስትራሊያን የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ሽልማት፣ አሪያን፣ አገኘ። በሁለቱም ዘመን ካገኙት ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

በዚሁ በ2005 ሜልበርን ውስጥ «ዘ መንዝሊ» የተባለ መጽሔት ተቋቋመ። ፖለቲካና ባህል ላይ ረጃጅም ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ነው። ፎርስተር የሙዚቃ ሐያሲው ሆነ። የጋዜጠኝነት ልምድ አልነበረውም። በ2006 ግን ፓስካል የተባለውን፣ በአውስትራሊያ ለሂስ ጽሑፍ የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ። ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣ ላይ የኖሩ ሰዎች ባሉበት ማለት ነው።

ምን አድርጎ ነው? ጽሑፎቹን ስታነቡ አንድ ነገር ታያላችሁ። አልበሙን የሚሰማው እንደ ሠሪ ነው። የትኛው ዘፈን ለምን መጀመሪያ ተደረገ? ድምፁ ከመሣሪያው ፊት ነው ወይስ ኋላ? አዝማቹ ሁለቴ ከተመለሰ ሦስተኛው ለምን አስፈለገ? እነዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን ሲከራከርባቸው ያደረ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። በ2009 ጽሑፎቹን ሰብስቦ በመጽሐፍ ሲያወጣ አሥር የሮክ ሕጎች ጽፎ ጨመረበት። አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? በማንኛውም አልበም ላይ ደካማው ዘፈን ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው። ሌላው ደግሞ፣ ማንም ባንድ መድረክ ላይ ከመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በኋላ አዲስ ነገር አያሳይም ይላል። ፈገግ ያሰኛል። ግን በብዙ አልበም ላይ ብንሞክረው እውነትነት አለው። የዘፈኖችን ቅደም ተከተል በገዛ እጁ ያልደረደረ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ለዚህ ነው ዘፈን የሠራ ሰው ሂስ ሲጽፍ ሌላው የማያየውን ያያል የምለው። ሁሌም ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ራሱን ያደነቀ፣ የሚወዳደሩትን ያጣጣለ ሙዚቀኛ ሐያሲ ሞልቷል። ሁለቱን ሥራ አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቄ እላችኋለሁ። የጓደኛችሁን አልበም አትገምግሙ። ግጥም የሸጣችሁለትን ዘፋኝ ከፍ አድርጋችሁ አትጻፉ። መጻፍ ግድ ከሆነ ዝምድናችሁን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ተናገሩ። አንባቢ ይቅር የማይለው የተደበቀ ወዳጅነትን ነው።

ስለ ገንዘብም ትንሽ ልበል፤ ወጣቶች ስለሚጠይቁኝ። በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት የተለያየ መብት አለ። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ የግጥምና የዜማው። ሌላው የተቀረጸው ድምፅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን ሲያሰማ ለደራሲው ይከፍላል፤ ለዘፋኙ ግን አይከፍልም። ሊንዳ ፔሪን ተመልከቱ። የፎር ነን ብሎንድስ ዘፋኝ ነበረች። ከባንዱ ከወጣች በኋላ ለፒንክና ለክርስቲና አጊሌራ ዘፈን ጻፈች፤ ስሟ ከበፊቱ ገነነ። መጽሔት የሚከፍለው ጽሑፉ ሲወጣ አንዴ ነው። ድርሰት ግን ሌላ ሰው ሲዘፍነውም፣ ደራሲው እቤቱ ተኝቶም ይከፍላል። ስለዚህ ጋዜጠኝነቱ ሲጥማችሁ ግጥም መጻፉን አትተዉ። ፎርስተርም አልተወም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። ግንቦት 6 ቀን 2006 ግራንት ማክሌናን ብሪዝቤን ውስጥ፣ ቤቱ ውስጥ ሞተ። ልብ ድካም ነው። 48 ዓመቱ ነበር። ፎርስተር መጽሔቱ ላይ መጻፍ ከጀመረ ብዙም አልቆየም። ስለ ጓደኛው ጻፈ። ያን ጽሑፍ ስለ ሙዚቃ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ እመክራለሁ። ሐዘን አለው፤ ለቅሶ ግን አያበዛም። ማክሌናን ምን እንደሚያነብ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ምን ነገር እንደማይችል ይነግራችኋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ሰውየውን ያወቃችሁት ይመስላችኋል።

ዘፈኑም አለ። ማክሌናን ሲሞት ያልተጠናቀቁ ዜማዎች ትቶ ነበር። ፎርስተር ከእነሱ ውስጥ ሦስቱን አሟልቶ በ2008 በብቻ አልበሙ አወጣቸው። እስቲ ሥራውን አስቡት። ዜማው የሟች ነው፤ የጎደለውን ግጥም የምትሞላው አንተ ነህ። የራስህን ስሜት ከልክ በላይ ብትጨምርበት ዘፈኑ የእሱ መሆኑ ይቀራል። በጣም ብትጠነቀቅ ደግሞ የመቃብር ላይ ጽሑፍ ይሆናል። እዚህ ላይ የሐያሲው ጆሮ የጠቀመው ይመስለኛል። የሌላውን ሰው ሥራ ከውጭ መስማት የተማረ ሰው ነው የጓደኛውን ዜማ ሳያበላሽ መጨረስ የቻለው።

የኋለኞቹ ግጥሞቹ እያጠሩ መጡ። በ2021 ባለቤቱ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። እሷም ሙዚቀኛ ናት። ቤተሰቡ እቤት ተሰብስቦ ይጫወት ጀመር፤ ልጆቹም ጭምር። ከዚያ የመጣው አልበም በ2023 ወጣ። የመክፈቻው ዘፈን ግጥም ሁለት አጫጭር ሐረግ ብቻ ነው፤ ተዋጊ ናት፣ ለበጎ ትዋጋለች የሚል። ይኸው ይደጋገማል። የ20 ዓመቱ ልጅ የደራሲ ስም ይደረድር ነበር። የ60ዎቹ ሰው ግን ያችን ነጥሎ ማውጣት ችሏል። መጽሔት ላይ የተጻፈው ሁሉ፣ የተሰረዘው አንቀጽ ሁሉ፣ እዚያ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ቃል የገባሁትን ጉድለት ላንሳ። በ2016 ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ርዕሱ «ግራንት እና እኔ» ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ እንደ ሐያሲነቱ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ። ግን ባንዱ የሁለት ሰው አልነበረም። ሊንዲ ሞሪሰን ከ1980 ጀምሮ እስኪበተኑ ድረስ ድራሙን የመታችው እሷ ነች። ለዓመታትም የፎርስተር ፍቅረኛ ነበረች። ከ1986 ጀምሮ ቫዮሊንና ኦቦ የምትጫወተው አማንዳ ብራውን ነበረች። በ1989 ባንዱ እንዲፈርስ የወሰኑት ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ የሰሙት ከተወሰነ በኋላ ነው።

ሞሪሰን መጽሐፉ ውስጥ የለችም አልልም፤ አለች። ነገር ግን የታሪኩ ምሰሶ ሁለት ጓደኛሞች ናቸው። የሙዚቃ ጋዜጠኞችም ለዓመታት የጻፉት ይህንኑ ነው። ሁለት ገጣሚዎች፣ ሁለት ጊታሮች፣ አንድ ወዳጅነት። ለመጻፍ ይመቻል። ድራም መቺዋ ታሪኩን ታበላሻለች፤ ስለዚህ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች።

ይህን ያስተካከለችው ማን ናት? ሌላ የኢንዲ ዘፋኝ ናት። ትሬሲ ቶርን። እንግሊዛዊት ናት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማሪን ገርልስ በተባለ የልጃገረዶች ባንድ ውስጥ ነበረች፤ ከዚያ ከቤን ዋት ጋር ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርልን መሠረተች። በ1995 ቶድ ቴሪ እንደገና ያቀናበረው «ሚሲንግ» የተባለው ዘፈናቸው ዓለምን ዞረ። በ2013 የሕይወት ታሪኳን ጻፈች፤ በ2014 «ኒው ስቴትስማን» መጽሔት ላይ አምደኛ ሆነች። እሷም እንደ ፎርስተር ከማይክ ወደ ብዕር የመጣች ናት።

ቶርን ሞሪሰንን የተዋወቀቻት በመጋቢት 1983 ለንደን ውስጥ፣ ላይሲየም አዳራሽ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ሞሪሰን ሊፒስቲክ ልትዋስ ገባች። ከዚያ ለዓመታት የዘለቀ ወዳጅነት ሆነ። በ2021 ቶርን ስለ እሷ ሙሉ መጽሐፍ አወጣች። ሞሪሰን ባንዱ ውስጥ ከመግባቷ በፊት የአቦሪጂን ተወላጆችን በሚያግዝ የሕግ አገልግሎት ውስጥ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንደነበረች፣ ከሁለቱ ወንዶች በዕድሜ እንደምትበልጥ፣ ለሙዚቃው ምን ያህል መልክ እንደሰጠችው ጻፈች። ጋዜጦቹ እንዴት እንደዘለሏትም በዝርዝር አሳየች።

የሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ሳነብ የተረዳሁት ይህን ነው። ፎርስተር ስለ ሌላ ሰው አልበም ሲጽፍ የሚጠይቀውን ጥያቄ ስለ ራሱ ባንድ ሲጽፍ በበቂ አልጠየቀም። «ድራሙ ምን እየሠራ ነው?» የሚለውን። የሌላ ሰው አልበም ቢሆን ይሰማው ነበር፤ ጆሮው ስል ነው። ዘፋኝ ስለ ራሱ ሲጽፍ ግን የራሱ ድምፅ ሁሌም ጎልቶ ይሰማዋል። ቶርን ያየችው ክፍሉ ውስጥ ስለነበረች ነው፤ ያውም ሴት ሆና፣ የሌላ ባንድ አባል ሆና፣ ከጎን ሆና። ስለ ራሳችሁ ባንድ ለመጻፍ ካሰባችሁ ረቂቁን መጀመሪያ ለድራም መቺው አሳዩት። ለቤዝ ተጫዋቹም፤ ተጣልቶ ለወጣውም። የሚሉትን ሁሉ መቀበል የለባችሁም። መስማት ግን ግዴታችሁ ነው።

ከ2010 ጀምሮ ብሪዝቤን ወንዝ ላይ ጎ ቢትዊን የሚባል ድልድይ አለ። በባንዱ ስም የተሰየመ ነው። ፖሊስ ሙዚቀኛ ያሳድድባት የነበረች ከተማ ማለት ነው። ፎርስተርም አላቆመም። በ2025 ስቶክሆልም ውስጥ ከስዊድን ሙዚቀኞች ጋር የቀረጸውን አልበም አወጣ።

ዛሬ ማታ እቤት ስትገቡ «ካትል ኤንድ ኬን»ን ፈልጋችሁ ስሙ። መጀመሪያ ግጥሙን ስሙት። ቀጥሎ ግጥሙን ተዉትና ድራሙን ብቻ ተከተሉ። ምቱ በ11 ነው የሚዞረው፤ እንደለመድነው በ4 አይደለም። ሞሪሰን እንዴት እንደያዘችው ስሙ። ከዚያ ስለ ድራሙ አንድ ገጽ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ስንገናኝ እናነበዋለን። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ።